ድንበር የገፋ ይቀጣል፦ ላክስተን የተባለች የእንግሊዝ መንደርና የወል እርሻዋ

በየዓመቱ በኖቬምበር መጨረሻ ላይ፣ በመካከለኛው እንግሊዝ ባለች አንዲት ትንሽ መንደር፣ አሥራ ሁለት ያህል ገበሬዎች ችካልና መዶሻ ይዘው ወደ ስንዴ ማሳ ይወጣሉ። ጊዜው ብርድ ነው፤ መሬቱም አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ። ማሳው ታርሶ ተዘርቷል። ሰዎቹ የመጡት ግን ቡቃያውን ለማየት አይደለም። የሚያዩት ወሰኑን ነው። ማን ወደ ጎረቤቱ ገፍቶ አረሰ? ማን የመንገዱን ዳር ቆርሶ ከማሳው ጋር ቀላቀለ? የማን ቦይ ተደፍኗል? ያጠፋ ካለ ስሙ ይያዛል፤ በሳምንቱ እዚያው መንደር ውስጥ በሚቀመጠው ችሎት ይቀጣል።

መንደሯ ላክስተን ትባላለች። ይህ ለጎብኚ የሚቀርብ ትርኢት እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1977 የእንግሊዝ ፓርላማ ከመካከለኛው ዘመን የተረፉ ጥቃቅን የአጥቢያ ፍርድ ቤቶች ክርክር የመስማት ሥልጣናቸውን የሚያነሳ ሕግ ሲያወጣ፣ «ከእነዚህ በስተቀር» ብሎ በስም ለይቶ የተዋቸው ሁለት ብቻ ነበሩ። አንዱ የላክስተን ችሎት ነው። (እዚህ ጽሑፍ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አንድ የታወቀ ሐሳብ አለ፤ በኢኮኖሚክስም በሥነ ምህዳርም ትምህርት ውስጥ አይጠፋም። ብዙ ሰው በጋራ የሚጠቀምበት ነገር ሁሉ መጨረሻው መበላሸት ነው ይላል። ታዲያ ላክስተን ለምን አልተበላሸችም? እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው። አንድ ሥርዓት ለረጅም ዘመን ሲሠራ ሳይ «እንዴት ያሉ ደግ ሰዎች ናቸው!» ከማለቴ በፊት «ስህተት ሲፈጠር የሚያርመው የትኛው ክፍል ነው?» ብዬ መጠየቅ ይቀናኛል። የላክስተንን ታሪክም በዚሁ ጥያቄ እንድታነቡልኝ እፈልጋለሁ።

ቤቱን የትኛው ማሳ ላይ ይሥራ?

ላክስተን የምትገኘው ኖቲንግሃምሺየር በሚባለው አውራጃ፣ በሮቢን ሁድ ተረት ስሙ ከሚነሳው ከሸርዉድ ደን ብዙም ሳትርቅ ነው። ዛሬ የሚኖሩባት ጥቂት መቶ ሰዎች ናቸው። ኖርማኖች እንግሊዝን ከያዙ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ1086 በተካሄደው ታላቅ የመሬትና የንብረት ቆጠራ (ዱምስዴይ መጽሐፍ ይሉታል) ላይ ስሟ ሰፍሯል። ከመንደሩ በስተሰሜን የኖርማኖች ምሽግ ነበር፤ ዛሬ የቀረው የአፈር ጉብታው ነው።

በዚህች መንደር ውስጥ ስትሄዱ ቶሎ ዓይን የሚገባው የቤቶቹ አቀማመጥ ነው። በብዙው የእንግሊዝ ገጠር የገበሬው ቤት ከመንደር ወጣ ብሎ በራሱ መሬት መሃል ይቆማል። በላክስተን ግን የገበሬዎቹ ቤቶችና ጎተራዎች በዋናው መንገድ ዳር ተጠጋግተው ተሰድረዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የአንዱ ገበሬ መሬት አንድ ቦታ አይደለም። በመንደሩ ዙሪያ ባሉ ማሳዎች ውስጥ እዚህም እዚያም ተበታትኗል። ቤቱን የትኛው መሃል ላይ ይሥራ? ለሁሉም እኩል የሚቀርበው መንደሩ ነው።

ማሳዎቹ ሦስት ናቸው፦ የምዕራብ ማሳ፣ የደቡብ ማሳ እና የወፍጮ ማሳ። በውስጣቸው አጥር የለም። እያንዳንዱ ማሳ ረጃጅምና ቀጫጭን በሆኑ ቁራሽ መሬቶች ተከፋፍሏል፤ ገበሬውም በሦስቱም ውስጥ ቁራሾች አሉት። የወል እርሻ ሲባል ታዲያ ሁሉም ተሰብስበው አንድ መሬት ያርሳሉ ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። እያንዳንዱ የራሱን ቁራሽ ያርሳል፣ የራሱን እህል ያስገባል። የጋራ የሆነው ደንቡ ነው።

ደንቡ በጥንቱ አሠራር እንዲህ ነበር። አንድ ማሳ በመጀመሪያው ዓመት ስንዴ ይዘራበታል፤ በሁለተኛው ዓመት ብርዱ ሲያልፍ፣ መጋቢት አካባቢ፣ ገብስ ወይም ባቄላና አተር፤ በሦስተኛው ዓመት መሬቱ ጦም ያድራል። ሦስቱ ማሳዎች ተራ ስለሚለዋወጡ በየትኛውም ዓመት አንዱ ስንዴ፣ አንዱ ሌላ እህል፣ አንዱ ዕረፍት ላይ ነው። አዝመራው ከተነሳ በኋላ ማሳው ለመንደሩ ከብትና በግ ይከፈታል፤ እንስሳቱ ቃርሚያውን እየበሉ መሬቱን በፋንድያቸው ያዳብራሉ። በእኛ ዘመን በሦስተኛው ዓመት የከብት መኖ የሚሆን ነገር ይበቅልበታል እንጂ ባዶውን አይተውም፤ የሦስቱ ዓመት ዙር ግን አልተቀየረም።

እንግዲህ ይህ አሠራር አንድን ገበሬ ምን ያህል እንደሚያስረው አስቡት። ጎረቤትህ ስንዴ በሚዘራበት ዓመት አንተ ድንች ልዝራ ማለት አትችልም። አዝመራህን ካዘገየህ የመንደሩ በግ ሁሉ በር ላይ ቆሞ ይጠብቅሃል። ነፃነት ለሚወድ ሰው አይመችም።

ለምን ቀጭን፣ ለምን የተበታተነ?

ቅርጹ የመጣው ከማረሻው ነው። የሀገራችንን ማረሻ አስቡ፦ ሁለት በሬ ይጎትተዋል፣ ገበሬው ሲመሽ ተሸክሞት ወደ ቤቱ ይገባል። አፈሩን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም፤ ስለዚህ ማሳውን አንዴ በቁመቱ አንዴ በወርዱ ደጋግመን እናርሳለን። የላክስተን አፈር ግን ከባድ ሸክላ ነው። በመካከለኛው ዘመን እንዲህ ያለውን አፈር የሚያርሱት ቆርጦ፣ ገልብጦ ወደ አንድ ጎን በሚጥል ትልቅ ማረሻ ነበር፤ እስከ ስምንት በሬ ይጠመድበታል። ስምንት በሬ ደግሞ ጫፍ ላይ ደርሶ ለመዞር ምን ያህል ቦታና ጊዜ እንደሚፈልግ ገምቱ፤ ተሳቢ ያለው የጭነት መኪና በጠባብ መንገድ ላይ እንደማዞር ነው። መፍትሔው ብዙ አለመዞር ነው፤ ማለትም ትልሙን ማስረዘም።

ይህ መፍትሔ በቋንቋቸው ውስጥ እስከ ዛሬ አለ። በእንግሊዝ የፈረስ እሽቅድድም የሚለካው በፈርሎንግ ነው። የቃሉ መነሻ «የትልም ርዝመት» ማለት ነው፤ 220 ያርድ ወይም 201 ሜትር ያህል። አንድ ኤከር ደግሞ ርዝመቱ አንድ ፈርሎንግ፣ ወርዱ 22 ያርድ የሆነ መሬት ነው፤ ወደ 4,047 ካሬ ሜትር። በጥንቱ አስተሳሰብ አንድ ኤከር በሬዎች በአንድ ቀን የሚያርሱት መሬት ነበር። «ጥማድ» የሚለውን የእኛን መለኪያ የሚያውቅ አንባቢ ፈገግ ሳይል አይቀርም፤ ሁለት የማይተዋወቁ አገሮች መሬትን በበሬ ድካም ለክተዋል። በነገራችን ላይ ብዙዎቹ የጥንት የእንግሊዝ ቁራሾች ቀጥ ያሉ አይደሉም፤ ተገልብጦ እንደተጻፈ የላቲን ኤስ ፊደል ለስለስ ብለው ይታጠፋሉ። በሬዎቹ ጫፍ ሳይደርሱ አስቀድመው መዞር ስለሚጀምሩ የተፈጠረ መስመር ነው ይላሉ አጥኚዎች።

መበታተኑ ግን በማረሻ አይገለጽም። በአንድ ቦታ አሥር ረጃጅም ቁራሾች ቢኖሩህ ማረሻህ አይከፋውም። ለምን ይበታተናል? አንዱ መልስ ፍትሕ ነው፤ ደህናውም መጥፎውም መሬት ለሁሉም እንዲዳረስ። ሌላውን መልስ በ1970ዎቹ ዴርድሬ መክሎስኪ የተባሉ የኢኮኖሚ ታሪክ ምሁር በሰፊው ተከራክረውበታል፦ መበታተን ኢንሹራንስ ነው።

በራሴ ቁጥር ላሳያችሁ። አንድ ቤተሰብ ከዓመት ዓመት ለመድረስ ቢያንስ 5 ኩንታል እህል ያስፈልገዋል እንበል። መሬቱ በሙሉ ቆላው ላይ ከሆነ በደረቅ ዓመት 10 ኩንታል ያገኛል፤ ዝናብ በበዛበት ዓመት ግን ውኃ ይተኛበትና 2 ብቻ። ከፍ ያለው ቦታ ላይ ከሆነ ነገሩ ተቃራኒ ነው፦ በዝናባማ ዓመት 10፣ በደረቁ 2። የሁለቱም አማካይ 6 ነው። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው፤ ችግሩ በአማካይ እህል የሚበላ ሰው የለም። 2 ኩንታል ያገኘበት ዓመት ቤተሰቡ ይራባል፣ ምናልባትም የዘር እህሉን ይበላል። አሁን መሬቱን ግማሽ ታች ግማሽ ላይ እናድርገው። በደረቁም በዝናባማውም ዓመት 6 ኩንታል። አማካዩ አልተለወጠም፤ የራብ ዓመት ግን የለም። ስታቲስቲክስ የተማራችሁ ይህ የልዩነት መጠንን የመቀነስ ጉዳይ እንደሆነ ገብቷችኋል። ባንክ ባልነበረበት፣ የእህል ገበያም ሩቅ በሆነበት ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ዋጋ ግን አለው። ከቁራሽ ወደ ቁራሽ የሚባክን ጊዜ አለ። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ወሰን ነው። አንድ ትልቅ መሬት ያለው ሰው ጎረቤቱ ጥቂት ነው። ሃያ ቀጫጭን ቁራሾች ያሉት ሰው አርባ የሚያወዛግብ ጠርዝ አለው። በእያንዳንዱ ጠርዝ በኩል ደግሞ «አንዲት ትልም ብጨምር ማን ያየኛል?» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። ድንበር መግፋት በእኛም አገር ስንት ጎረቤት እንዳቃቃረ ታውቃላችሁ።

አንድ ትልም በየዓመቱ

እዚህ ላይ ነው ችካል የያዙት ሰዎች የሚገቡት።

የአንድ ትልም ወርድ 25 ሳንቲ ሜትር ቢሆንና አንዱ ገበሬ በየዓመቱ አንድ ትልም ቢገፋ፣ በማንኛውም አንድ ዓመት ጉዳዩ ኢምንት ነው፤ ስለ 25 ሳንቲ ሜትር ማን ይጣላል? በ20 ዓመት ግን 5 ሜትር ይሆናል። ቁራሹ 10 ሜትር ወርድ ከነበረው ግማሹ ሄደ ማለት ነው። መሐንዲሶች ይህን ዓይነቱን ነገር በደንብ እናውቀዋለን፤ ትንሽ ስህተት ሳይታረም ሲደማመር መሣሪያው ቀስ በቀስ ከመስመሩ ይወጣል። ክፋትም አያስፈልገውም። እጁ ትንሽ ወደ ቀኝ የሚያደላ አራሽ ይበቃል።

የላክስተን ሰዎች መፍትሔ ይህን ይመስላል። የመንደሩ ችሎት ኮርት ሊት ይባላል። በየዓመቱ ከገበሬዎቹ መካከል ጁሪ፣ ማለትም መርማሪ ዳኞች፣ ይሰየማሉ። አለቃ አላቸው። በዚያ በኖቬምበሩ ቀን ስንዴ የተዘራበትን ማሳ ብቻ ይዞራሉ፤ በሦስት ዓመት ውስጥ ሦስቱም ይዳረሳሉ። ዛሬ በትራክተር ተሳቢ ላይ ተሳፍረው ነው የሚሄዱት። ወሰኑ ያጠራጠረበት ቦታ ላይ ችካል ይተክላሉ። ሲጨርሱ ዶቭኮት ወደሚባለው የመንደሩ መጠጥ ቤት ገብተው ምሳ ይበላሉ፤ የርግብ ቤት እንደማለት ነው ስሙ። በሳምንቱ ችሎቱ ይሰየማል። የሚመራው የባላባቱ እንደራሴ ነው። የጥፋተኞቹ ዝርዝር ይቀርባል፣ መቀጫው ይወሰናል፣ የሚቀጥለው ዓመት ጁሪም ቃለ መሐላ ይፈጽማል።

ጊዜውን አስተውሉ። የሚፈትሹት መሬቱ ታርሶ ከተዘራ በኋላ፣ እህሉ ሳያድግ ነው። ያን ጊዜ የማረሻው ጠርዝ በግልጽ ይታያል። ከአዝመራ በኋላ ቢሆን ክርክሩ ስለ እህሉ ጭምር ይሆን ነበር፤ ጠብ ይበዛል። ደግሞም የሚያወዳድሩት ካለፈው ዓመት ትልም ጋር ሳይሆን ከችካሉና ከታወቀው ወሰን ጋር ነው። ካለፈው ዓመት ትልም ጋር ቢያወዳድሩ ኖሮ የአምናው ስህተት የዘንድሮ ሕግ ይሆን ነበር።

መርማሪዎቹ ደግሞ ከሩቅ የመጡ ባለሥልጣናት አይደሉም። ራሳቸው ያርሳሉ፤ አንድ ትልም በስህተት ወይስ በስስት እንደተገፋ ዓይተው ይለያሉ። አንተን ዘንድሮ የፈተሸህን ሰው በሌላ ዓመት አንተ ትፈትሸዋለህ። መቀጫውም ትንሽ ነው፤ ማንንም አያደኸይም። በእኔ ግምት ጉልበቱ ያለው ከገንዘቡ ይልቅ ስሙ በጎረቤት ፊት በመነበቡ ላይ ነው። እሁድ ቤተ ክርስቲያን፣ ማታ መጠጥ ቤት የሚያገናኛችሁ ሰዎች ናቸው እኮ!

ማሳዎቹ ውስጥ የማይታረሱ ቦታዎችም አሉ። ውኃ የሚወርድባቸው ዝቅ ያሉ ሣራማ መሬቶች ናቸው፤ ሳይክስ ይሏቸዋል። ድርቆሻቸው በየዓመቱ በበጋው በጨረታ ይሸጣል። ብዙ ዘመን ማረሻ ስላልነካቸው ሌላ ቦታ የጠፉ የዱር አበቦች በቅለውባቸዋል፤ ዛሬ በሳይንሳዊ ጠቀሜታቸው በሕግ የተጠበቁ ናቸው። ጁሪው ማረሻ ወደ ሣሩ ገብቶ እንደሆነ የሚያየው ድርቆሹን ለማዳን ነበር፤ አበቦቹ ሳይታሰቡ አብረው ተረፉ።

የሃርዲን ላምና የላክስተን ላም

በ1968 ጋሬት ሃርዲን የተባለ አሜሪካዊ ባዮሎጂስት «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ የወል ነገር አሳዛኝ መጨረሻ እንዳለው የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ለሁሉም ክፍት የሆነ የግጦሽ መሬት እናስብ አለ። እያንዳንዱ እረኛ አንድ ላም ሲጨምር ጥቅሙ ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፤ የሣሩ ጉዳት ግን ለሁሉም ይከፋፈላል። ስለዚህ ሁሉም ይጨምራል፤ መሬቱም ይራቆታል። አስተሳሰቡ ቆንጆ ነው፣ በሁለት ደቂቃ ይገባችኋል። ለዚህም ይመስለኛል እንዲህ የተሰራጨው።

ችግሩ «ለሁሉም ክፍት» የሚለው ላይ ነው። የእንግሊዝ መንደሮች የወል ግጦሽ ለሁሉም ክፍት አልነበረም። በላክስተን የግጦሽ መብት የተወሰኑ ቤቶች ይዞታ ነበር፤ ስንት እንስሳ ማስገባት እንደሚቻልም ይታወቃል። ሃርዲን ራሱ ቆይቶ በ1990ዎቹ፣ ሐሳቡ የሚሠራው ሥርዓት ላልተበጀለት የወል ሀብት እንደሆነ ጽፏል። በሌላ በኩል ኤሊኖር ኦስትሮም የተባሉ ምሁር በስዊዘርላንድ ተራሮች፣ በጃፓን መንደሮች፣ በስፔን የመስኖ ማኅበራት የተሰበሰበውን መረጃ አገላብጠው በ1990 መጽሐፍ አሳተሙ። ለረጅም ዘመን የቆዩት የወል ሥርዓቶች ወሰናቸው የታወቀ ነው፣ ደንቡን ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ያወጡታል፣ ቁጥጥሩን ራሳቸው ያካሂዱታል፣ ቅጣቱ ከትንሽ ይጀምራል፣ ክርክር የሚፈታበት ቅርብና ርካሽ ቦታ አላቸው። በ2009 የኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ተጋሩ፤ በዚያ ዘርፍ የመጀመሪያዋ ሴት ነበሩ። ዝርዝሩን አንብባችሁ የላክስተንን ኖቬምበር መልሳችሁ ብታስቡት አንድ በአንድ ይገጥማል።

እና ሌሎቹ መንደሮች የት ሄዱ?

እዚህ ላይ ግን ጥሩ ደንብ ስለነበራቸው ተረፉ ብዬ ባቆም አታልላችኋለሁ። ደንቡ የነበራቸው ሌሎች ብዙ የእንግሊዝ መንደሮችም ነበሩ፤ እነሱ ግን ዛሬ የሉም። የጠፉትም ሣራቸው ስላለቀ አልነበረም። ታጥረው ነው።

ከ1604 እስከ 1914 ባለው ጊዜ የእንግሊዝ ፓርላማ ከ5,200 በላይ የማጠሪያ ሕጎች አውጥቷል። የሸፈኑት መሬት 6.8 ሚሊዮን ኤከር ነው፤ ከእንግሊዝ ስፋት አንድ አምስተኛውን ትንሽ ያልፋል። አሠራሩ ይህን ይመስላል፦ ትላልቅ ባለመሬቶች ሕግ ያስወጣሉ፣ ቀያሽ ይመጣል፣ የተበታተነው ቁራሽ ተሰብስቦ ለእያንዳንዱ ባለመብት አንድ ቦታ ይሰጠዋል፣ አጥር ይታጠራል። ከዚያ በኋላ ገበሬው የፈለገውን ይዘራል። ምርቱ ምን ያህል እንዳደገ የታሪክ ሰዎች አሁንም ይከራከሩበታል። የተጎዱት ግን ይታወቃሉ፤ ቁራሽ መሬት ሳይኖራቸው በልማድ ብቻ አንዲት ላም በወል ሣር ላይ ያሰማሩ የነበሩ ድሆች። መብታቸውን የሚያሳይ ወረቀት አልነበራቸውም። ትንሽ የደረሳቸውም የአጥሩን ወጪ መሸከም አቅቷቸው ሸጠው የወጡ አሉ።

ላክስተን ለምን ቀረች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ የሚያስቅ ነው። የመንደሯ መሬት በዋናነት የሁለት ባላባቶች ነበር፤ የቶርስቢው ኤርል ማንቨርስና የራፈርዱ ኤርል ስካርብሮ። ይዞታቸው እርስ በርሱ የተጠላለፈ ስለነበር ለማጠር መስማማት ነበረባቸው። አልተስማሙም። ወጪውም ከባድ ነበር። ዓመታት አለፉ። ስለዚህ ሥርዓቱን ከውስጥ ያቆመው የገበሬዎቹ ስምምነት ሲሆን ከውጭ የጠበቀው የጌቶቹ አለመስማማት ነው።

ከመንደሯ ታሪክ በጣም የምወደው ክፍል ግን ካርታዋ ነው። ሰር ዊሊያም ኮርተን የተባለ የለንደን ነጋዴ ላክስተንን ገዛ። ገንዘቡን ያፈራው በጨርቃ ጨርቅና በባሕር ንግድ ነው፤ በ1627 ባርቤዶስ ላይ የሰፈሩትን እንግሊዞች የላከውም እሱ ነው። በ1635 ማርክ ፒርስ የተባለ ቀያሽ መንደሯን ከእነ ማሳዎቿ ለካለት። እያንዳንዱ ቁራሽ፣ ስፋቱና ያዡ ተመዘገበ። ካርታው ላይ የሚያርሱ፣ የሚያጭዱና የሚያድኑ ትናንሽ ሰዎች ተሥለዋል። ዛሬ ኦክስፎርድ በሚገኘው የቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ይገኛል። ሳተላይት ባልነበረበት ዘመን በሰንሰለት እየለኩ ይህን ሁሉ ቁራሽ መሬት መሳል ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ ቅየሳ የተማራችሁ ፍረዱ።

በ1938 ቻርልስ ኦርዊንና ባለቤታቸው ክሪስታቤል ኦርዊን ያንን ካርታ መነሻ አድርገው ስለ ላክስተን መጽሐፍ አሳተሙ። ከዚያ በኋላ መንደሯ በምሁራን ዘንድ ታወቀች። በ1952 ኤርል ማንቨርስ መሬቱን ለመንግሥት የግብርና ሚኒስቴር ሸጠ፤ ሥርዓቱ እንዲጠበቅ ነበር። በ1981 የዘውዱን ንብረት ወደሚያስተዳድረው ተቋም ተዛወረ። እሱም በተራው ሊሸጠው እንደሚፈልግ ሲገልጽ ጭንቀት ተፈጠረ፤ ምክንያቱም ችሎቱ ድንበር የገፋን ገበሬ መቅጣት ይችላል እንጂ መሬቱ ለማን እንደሚሸጥ አይወስንም። በ2020 የገዛው የቶርስቢ ርስት ነው፤ ማለትም የኤርል ማንቨርስ ዘሮች የሚያስተዳድሩት። መሬቱ ዞሮ ዞሮ የሸጠው ቤት እጅ ገባ።

እስከዚያው ድረስ ማሳዎቹም እንዳሉ አልቆዩም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ባላባቱ ቁራሾቹን እያጣመረ ቁጥራቸውን ቀንሷል፤ ከፊሉም መሬት ታጥሯል። የዛሬው ቁራሽ ከድሮው ይሰፋል፤ ትራክተር በ10 ሜትር ወርድ ላይ መሥራት አይመቸውም። ስምንት በሬ የሠራውን ቅርጽ አሁን ሞተር እየለወጠው ነው።

ትራክተሩ ሌላም ነገር አድርጓል። ድሮ ብዙ ቤተሰብ ያርሰው የነበረውን መሬት ዛሬ ጥቂት ገበሬዎች ይበቁታል። ጁሪ ለመሙላት ደግሞ ሰው ያስፈልጋል፤ እርሻ የሚያውቅ፣ ወሰኑን የሚያውቅ፣ በብርድ አንድ ቀን ሙሉ ማሳ ለማሳ የሚዞር። የእርሻ ቤቶቹ ቁጥር በቀነሰ መጠን መርማሪውና ተመርማሪው ያው ጥቂት ሰዎች እየሆኑ ይሄዳሉ። ችካሉን ማንም ይጠርበዋል፤ ማሳውን ሙሉ የሚረባረስ አሥራ ሁለት ሰው ነው የሚያሳስበው። ለጊዜው ስንዴው በየዓመቱ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይዞራል፤ ጁሪውም መዶሻውን ይዞ ይከተለዋል።